በየኔታ ጣት ሥር የጠፋው መጽሐፍ

ንፋስ መውጫ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለአቶ ማቴዎስ፤

አቶ ያልሁህ ሰጥተኸኝ በሄድኸው ካርድ ላይ «የፈቃድ ክፍል ኃላፊ» የሚል ስላነበብሁ ነው። ለእኔማ ከወገዳ ወዲያ፣ አባቴ ጉባኤ ውስጥ ቆሎ እየቆረጠምህ ቅኔ ትቆጥር የነበርህ ማቴ ነህ። ክረምቱን እንዴት አወጣኸው? እኛ ጋ ገብሱ ደርሷል፣ ብርዱም አብሮት ደርሷል፤ ሌላው ደህና ነው።

ኢሜይል ትቼ በወረቀት የጻፍሁልህ መብራትና ኔትወርክ አብረው የሚመጡበትን ቀን መጠበቅ ስለሰለቸኝ ነው። ደግሞም ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ከሁለቱ ጋር መሰለፍ አያሳፍረኝም።

«ሕዝቡ አገልግሎቱን እንዴት ተቀበለው?» ብለሃል። ወረፋ ይዞ ተቀበለው። በወይዘሮ ማንጠግቦሽ መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ማዋስ ከጀመርሁ ብዙ ጊዜዬ ነው፤ ወረፋ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። መጽሐፉ አንድ ከሆነ አንዱ ይወስዳል፣ ሌላው ይጠብቃል። አንተ ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስበህ «ይህ ዲጂታል መጽሐፍ ነው፤ አይቀደድም፣ መደርደሪያ አይፈልግም፣ ለሺህ ሰው ቢሰጥ አይጎድልም» ብለህ በራስህ አፍ ነግረኸናል። አጨብጭበንልህም ነበር። አሁን የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ፊዚክሱን ሊዋሱ ሲመጡ ታብሌቱ «መጽሐፉ በሌላ አንባቢ እጅ ነው፤ ተራዎን ይጠብቁ» ይላል። አንዷ ተማሪ «ማን ነው የያዘው? ቤቱ ሄደን አብረነው እናንብብ» አለችኝ። አብሮ ማንበብ በውሉ የተከለከለ መሆን አለመሆኑን ገና ስላላረጋገጥሁ ዝም አልኋት። ለዚህ ነው እንግዲህ በሱቅ ከሚሸጥበት ዋጋ እጥፍ ድርብ የምንከፍለው።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት አንድ ነገር ልለምንህ ብዬ ነው፤ ልመና ከስድብ ይጀመራል እንዴ አትበለኝ። ከላካችሁልን ዝርዝር ውስጥ የየኔታ ኃይለ ሚካኤልን የቅኔ መጽሐፍ አገኘሁት። የአባቴ መምህር ናቸው። መጽሐፉ ገና ታትሞ ሳይሰራጭ የማተሚያው ምድር ቤት ጎርፍ ገብቶበት እንደጠፋ፣ አባቴም አንድ ቅጂ ፍለጋ ስንቱን ደብር እንደዞሩ አንተም ታውቃለህ። በታብሌቱ ጭኜ፣ በሶላር የሚሞላበትን አሳይቼ ላክሁላቸው። መጀመሪያ ገልጠው ያዩት የመጨረሻውን ገጽ ነው አሉኝ፤ መምህራቸው በገዛ ቃላቸው ያሰፈሩትን ግዝት፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ለዝንቱ መጽሐፍ ውጉዘ ይኩን»፤ ይህን መጽሐፍ የሰረቀ፣ የፋቀም የተወገዘ ይሁን የሚለውን። «እሳቸው ናቸው፤ ድምፃቸው ነው» ብለው መስታወቱን ተሳለሙት።

አሁን እየገለበጡት ነው። የተዋሱትን መጽሐፍ ሳይገለብጡ መመለስ በኛ ዘንድ ነውር መሆኑን ላንተ አልነግርህም። ግን የአባቴ እጅ እንደ ድሮው አይፈጥንም፤ ቀይ ቀለሙንም ራሳቸው በጥብጠው ነው። የውሰቱ ዐሥራ አራት ቀን አይበቃቸውም። አንተ የፈቃድ ሹም ከሆንህ ፍቀድላቸው። ቀኑን አራዝምልኝ።

አመተ ማርያም ወልደ ገብርኤል


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

እትዬ አመቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን፤

ደብዳቤሽን ያመጣው የአውቶቡስ ረዳት ከቢሮዬ በር ላይ ቆሞ ስሜን እየጠራ አስጠራኝ። የሥራ ባልደረቦቼ እስካሁን እየሳቁ ነው። በሚቀጥለው ቢያንስ ቴክስት አድርጊልኝ።

የወረፋው ነገር እኔ የፈጠርኩት ተንኮል አይደለም። አንድ ፈቃድ ማለት አንድ አንባቢ ማለት ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ በነፃ የሚያነብ ከሆነ ማን ይገዛል? የወረቀት መጽሐፍ ሲዋስ ሲመለስ ያረጃል፣ ይቀደዳል፣ ቤተ መጻሕፍቱም ሌላ ይገዛል። ዲጂታሉ ስለማያረጅ እንዳረጀ ይቆጠራል፤ ሁለት ዓመት ሲሆነው ወይም የተፈቀደለት የውሰት ብዛት ሲያልቅ ይዘጋል፣ ከዚያ እንደገና ይገዛል። ይህ በመላው ዓለም ያለ አሠራር ነው። የናንተን ጋይንት ብቻ ለምን እንደሚገርመው አይገባኝም።

ማራዘሙን በተመለከተ አልችልም። የዚህ መጽሐፍ መብት ያላቸው ሰዎች ማራዘም እንዳይኖር ጠይቀዋል፤ ሲስተሙ ቀኑ ሲሞላ ራሱ ይዘጋል። ከኔትወርክ ውጭ ቢሆንም ቀኑን ይቆጥራል። መገልበጥ ያልሽውን ደግሞ አላነበብኩም ብዬ አልፌዋለሁ። በእጅም ይሁን በማሽን ቅጂ ቅጂ ነው፤ በውሉ አንቀጽ ክልክል ነው። አንቺን የማስጠነቅቀው እንደ ኃላፊ ሳይሆን እንደ ወንድም ነው።

አባትሽን፣ የኔታን፣ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ማቴዎስ


ንፋስ መውጫ፣ ኅዳር 18 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለማቴዎስ፤

ጉልበታቸውን ሳሚልኝ ብለህ ነበር። አልሳምሁልህም፤ ጉልበታቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋልና የሚሳም ቦታ አላገኘሁም።

«ለምን ዝም አልሽ?» ብለህ ላስደወልኸው መልሱ ይኸው ነው። ዝም ያልሁት በስልክ የሚነገር ነገር ስላልሆነ ነው። ነገሩን እስከ ከተማው ድረስ መጥቶ የነገረኝ ፈንታ ነው፤ ከተማሪዎቹ ሁሉ የበሰለው፣ በዚህ ዓመት በመምህርነት ሊመረቅ የነበረው። ከዚያ እኔም እስከ ወገዳ በመኪና፣ ከወገዳ በእግሬ ሄጄ በዓይኔ አየሁ።

አባቴ የሥላሴ ቅኔውን ገልብጠው ጨርሰው ቀጥሎ ያለው የቅኔ ዓይነት፣ ዘይእዜው ላይ ደርሰው ነበር። ተማሪዎቹ ከብበዋቸዋል። ቅጠል ሊገልጡ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንደሚያደርጉት፣ ጣታቸውን በምራቃቸው አረጠቡና መስታወቱን ነኩት። ጽሕፈቱ ጠፋ። ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ። ደግመው ቢያብሱት ምንም የለም። የሚታየው የእርሳቸው የእርጥብ ጣት ምልክት ብቻ ነው።

«ፋቅሁት» አሉ። በገዛ መምህሬ መጽሐፍ ላይ ምራቄን ቀብቼ ፋቅሁት አሉ። በዚያው ቀን ጉባኤውን በተኑ። «የተወገዘ አፍ ቅኔ አያስተምርም» ብለው ወንበራቸውን ወደ ግድግዳ አዙረውታል። ቅኔ ማሕሌት አይገቡም፤ ሰው ሲያስቀድስ ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። በዚያ አገር ስንት ቄስና መሪጌታ ያወጣ ጉባኤ ባንተ መስታወት ምክንያት ተዘጋ እልሃለሁ።

ነገርኋቸው። የውሰቱ ጊዜ አልቆ ነው እንጂ ጣትዎ ምንም አላደረገም አልኋቸው። ምን አሉኝ መሰለህ? «ልጄ፣ ጊዜው የሚያልቅ መጽሐፍ አይቼም ሰምቼም አላውቅ። ጊዜ የሚያልቅበት ሰው ነው።» የዚሁ የጋይንቱ ቤተ ልሔም ሊቃውንት የሚያነቡበት ብራና ስንት መቶ ዓመት እንደኖረ ቁጠረውና አንተ ራስህ መልስላቸው። ያረጃል ብላችሁ ስታስቡ ያሰባችሁት የቱን መጽሐፍ ነው? ባዛር ላይ ተገዝቶ በወሩ የሚገነጠለውን ይሆናል።

አሁን አባቴ የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ «ግዝት የሚፈታው ባለቤቱ ነው። መምህሬ የሉም፤ የመጽሐፉ ባለቤት ይምጣና ይፍታኝ፣ ካልመጣም ቃሉን ይላክልኝ።» ካህናቱ እንፍታዎት ቢሏቸው «መጽሐፉ የናንተ አይደለም» ብለው እምቢ አሉ። ስለዚህ ንገረኝ። የመጽሐፉ ባለቤት ማን ነው? ስሙንና ያለበትን ብቻ ጻፍልኝ፤ ሌላ ነገር አልጠይቅህም።

አመተ ማርያም


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 29 ቀን 2008 ዓ.ም.

እትዬ አመቴ፤

መጀመሪያ ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቅኩ፤ ይቅር በይኝ። ከዚያ የኔታ መሆናቸውን ሳስብ ሳቄ ቆመ። ቢሆንም በሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን አንድ ታብሌት ስለተዘጋ አንድ ጉባኤ ተዘጋ ብዬ ለማን ልንገር? ለአለቃዬ?

የጠየቅሽው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። የኔታ ኃይለ ሚካኤል ከሞቱ ቆይተዋል። ማተሚያ ቤቱን ያቋቋመው ሰው ሞቶ ልጆቹ ከጎርፉ የተረፈውን አንድ ቅጂ ከነመብቱ ለአንድ አከፋፋይ አስተላልፈዋል። አከፋፋዩ ለእኛ ለገጸ ብርሃን ኩባንያ በዲጂታል የማከራየት መብት ሰጥቶናል። እኛ ለቤተ መጻሕፍታችሁ የማዋስ ፈቃድ ሰጥተናል። ቤተ መጻሕፍታችሁ ደግሞ ለየኔታ የማንበብ ፈቃድ ሰጥቷል። በሌላ አነጋገር ሁሉም ፈቃድ አለው፤ «ባለቤት» ብዬ ስሙን የምጽፍልሽ አንድ ሰው ግን የለም። ቤተ መጻሕፍቱም ቢሆን መጽሐፉን አልገዛም፤ የገዛው ፈቃድ ነው። ይህን አዳራሹ ውስጥ ማስረዳት ነበረብኝ ብለሽ ታስቢ ይሆናል፤ ውሉ ላይ ግን በግልጽ አለ። ፈርማችሁበታል።

የዚህ መጽሐፍ የተፈቀደ ውሰት አንድ ብቻ ስለነበር አልቋል፤ የሚሻለው የቤተ መጻሕፍት ኮሚቴያችሁ ፈቃዱን እንዲያድስ ማድረግሽ ነው። መጽሐፉ በዚያው ቅጽበት ይመለሳል። የኔታም ሲያዩት ምንም እንዳልተፋቀ ይረዳሉ። ግዝት ምናምን የሚባለውን ግን አታባብሺው፤ አንቺ የተማርሽ ሰው ነሽ።

ማቴዎስ


ንፋስ መውጫ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለማቴዎስ፤

ደብዳቤህን እንዳለ አነበብሁላቸው። ከአከፋፋዩ እስከ ማንበብ ፈቃዱ ድረስ ሰሙኝ። ሲያልቅ «እንግዲህ ሁሉም ተዋሽ ነው በይኛ» አሉ። «ከማን እንደተዋሰ የማያውቅ ተዋሽ ሌባ ይባላል ወይስ ሞኝ?» መልሱን ላንተ ትቼዋለሁ፤ የተማርህ ሰው ነህ።

«ፈቃዱን አሳደሳችሁ ወይ?» ላልኸው፣ አዎ፣ አሳደስን። የኮሚቴው ሊቀ መንበር በልምምጥ ፈረመ። እኔም ዳግመኛ እስከ ወገዳ ተንገላትቼ፣ ከወገዳ ወዲያም በእግሬ ሄጄ፣ መስታወቱን አብርቼ ፊታቸው አቆምሁ። መጽሐፉ ከነሙሉ አካሉ ቁጭ ብሏል። አባቴ እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር ሸሸጉት። «ሁለተኛ እንድፍቀው ነው ያመጣሽልኝ?» አሉኝ። ዓይናቸውን ዘወር አድርገው አላዩትም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው ማቴዎስ፤ ወተቷንም አላየን፣ እበቷን ግን እኛው ጠረግን።

ተማሪዎቹ ከነአኩፋዳቸው ተበትነዋል። ፈንታ እስቴ ወርዶ የሰው አውድማ ላይ በሬ ይነዳል አሉ። መወድስ ሲዘርፍ ሊቃውንት ጆሯቸውን የሚያቀኑለት ሰው ነው። እኔ እነዚህን ነገሮች የምጽፍልህ እንዲያሳዝንህ አይደለም፤ የሚያዝን ክፍል በኩባንያችሁ እንደሌለ ገብቶኛል። ላስረዳህ የምፈልገው አባቴ በውል ቋንቋ እንደማይጽናኑ ነው። «ሲስተሙ ይዘጋል፣ ፈቃዱ ያልቃል» ሲባሉ አድራጊ የሌለው ድርጊት ይሆንባቸዋል። ጽሕፈት በራሱ አይጠፋም ይላሉ፤ አንድ እጅ አለበት። መስታወቱ ላይ የነበረው እጅ ደግሞ የእርሳቸው ብቻ ነው።

ስለዚህ እንደ ኃላፊ ሳይሆን እንደ ወንድም ጻፍልኝ ልበልህ፣ ቃልህን ልዋስ። መጽሐፉን ማን አጠፋው? ማኅተም የሌለበት ወረቀት ላይ፣ በእጅህ፣ በስምህ ጻፈው። የእጅህን ጽሕፈት ያውቁታል፤ ያስተማሩህ እርሳቸው ናቸው።

አመተ ማርያም


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2008 ዓ.ም.

አመቴ፤

ይህ የመጨረሻዬ ይሁን። ስብሰባ ላይ ሳለሁ ሦስት ጊዜ ደውለሽ አስወጣሽኝ፤ አለቃዬ ማን ሞተብህ ብሎኛል።

እሺ። በእጄ እየጻፍኩ ነው። እኔ ማቴዎስ፣ የዐሥራ አራቱን ቀን ገደብ ከውሉ ላይ ወስጄ በሲስተሙ የጫንኩት እኔ ነኝ። ቀኑ ሲሞላ መጽሐፉ ካለበት ታብሌት ላይ እንዲጠፋ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። የኔታ ጣታቸውን በምራቅ ባያረጥቡም ይጠፋ ነበር፤ ማሕሌት ቆመው ቢውሉም ይጠፋ ነበር። ቀን አራዝምልኝ ብለሽ ስትለምኚኝም ላራዝመው የምችለው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አከፋፋዩ እንዳይነጫነጭብኝ ብዬ ተውኩት። «ሲስተሙ» ያልኩት የ«እኔ» ማሳጠሪያ ነው።

አሁን ደስ አለሽ? አንብቢላቸው። «ማቴዎስ ነው ያጠፋው» በያቸው። ግዝቱም የሚይዘው ሰው ከፈለገ እኔን ይያዘኝ፤ ቦሌ ድረስ መንገዱን ካወቀው ይምጣ፣ ቢሮዬ አራተኛ ፎቅ ነው። እዚህ የምንሠራው ሥራ አለ።

ማቴዎስ


ንፋስ መውጫ፣ ጥር 4 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለማቴዎስ፤

አነበብሁላቸው። የልደት ዋዜማ ነበር።

የእጅህን ጽሕፈት እንዳዩ አወቁት። ቀጥ ብለው ተቀመጡና «ድገሚው» አሉኝ። ደገምሁት። ፊታቸው ሲበራ አየሁ፤ ከኅዳር ወዲህ ያላየሁትን ፊት አየሁ። «እኔ አይደለሁማ» አሉ። ጋቢያቸውን አጣፉ፣ መቋሚያቸውን ከጥግ አነሡ፣ ለማሕሌቱ ሊሄዱ ተነሡ። እኔም በልቤ ላንተ ትንሽ ደግ ነገር አሰብሁልህ፤ ብዙ አይደለም።

ከደጃፉ ሲደርሱ ቆሙ። ጀርባቸውን እንደሰጡኝ «ማቴዎስ ከማን ነው የተማረ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ካንቱ ነው አባቴ።»

«የመጽሐፍን ክብር ማን ነገረው?»

«አንቱ።»

«ታዲያ ምን ተለወጠ?» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። መቋሚያውን መሬት ላይ አጋደሙት።

ገባህ? ተማሪ ያጠፋው መምህሩ ያጠፋው ነው ይላሉ። ቀድሞ በአንድ ጣት ፋቅሁት ሲሉ ነበር፤ አሁን «ፋቂ አሳድጌ ወደ ዓለም ሰደድሁ» ነው የሚሉት። ያኛው ይሻል ነበር። ጣት ይታጠባል። የልደት ማሕሌት እርሳቸው በሌሉበት ተቆመ፤ ድምፁ ወደ ቤት ሲመጣ ጆሯቸውን በጋቢ ሸፈኑ።

ጠላሁህ ማቴዎስ። ይህንንም በእጄ፣ በስሜ እየጻፍሁልህ ነው። የጠላሁህ መጽሐፉን ስላጠፋህ አይደለም፤ ለዚያማ ደመወዝ ትበላበታለህ። «ቢሮዬ አራተኛ ፎቅ ነው» ያልኸውን እኔ ዘልዬ ሳነብ እርሳቸው ዓይናቸውን ወረቀቱ ላይ ጥለው ስለነበር ነው። አነበቡት። «ያን ያህል ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠ?» ብቻ አሉ፣ የሚጨነቁልህ መስለው።

አመተ ማርያም


አዲስ አበባ፣ ጥር 24 ቀን 2008 ዓ.ም.

እትዬ አመቴ፤

ደወልኩ፣ አላነሳሽም። መብትሽ ነው።

የመጨረሻዬ ነው ብዬ ነበር፤ ቃሌን አፍርሻለሁ። ዘልለሽ ያለፍሽውን ነገር ስጽፈው ላንቺ ነበር የጻፍኩት፤ እሳቸው ያዩታል ብዬ አላሰብኩም። አልጻፍኩትም ልል አልችልም።

አሁንም በግዝት አላምንም። ይህ በግልጽ ይታወቅልኝ። በኢንተርኔት የሚሠራ ሰው በግዝት አምናለሁ ቢል የሚስቁበት እሱ ነው። የተማሪ ጥፋት የመምህር ነው የሚለውንም አልቀበልም፤ ጉባኤውን ለቅቄ የወጣሁት ገና መወድስ ሳልቆጥር ነው፤ እሳቸው ስለ እኔ የሚጠየቁበት ምንም የለም። ይህን ንገሪያቸው።

ካልተቀበሉሽ ግን ምን ቢደረግ ወንበራቸው ላይ እንደሚቀመጡ ጠይቂልኝ። ኩባንያው አንድ ተጨማሪ ታብሌት በነፃ ሊሰጥ ይችላል፤ ደብዳቤ አጽፌአለሁ። ፎቶ መነሣት ይኖርባችኋል፣ ከነባነሩ።

ማቴዎስ


ንፋስ መውጫ፣ የካቲት 9 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለማቴዎስ፤

ታብሌቱን ያዘው። ከነባነሩ።

ያልኸውን ሁሉ ነገርኋቸው። «ስለ እኔ አይጠየቁም» ያልኸው ላይ ሲደርስ ሳቁ። «ቆሎዬን በልቶ የለም እንዴ» አሉ። ከዚህ በላይ ክርክር የለንም።

ለጠየቅኸው ጥያቄ መልስ ሰጥተዋል፤ ሦስት ቀን አስበውበት ነው። በኛ ሥርዓት የፋቀ ይጽፋል። ከተፋቀበት ቦታ ጀምሮ፣ ከዘይእዜው እስከ ዕጣነ ሞገሩ፣ እስከ መጨረሻው ገጽ፣ ያጠፋው ሰው በእጁ ጽፎ ይመልሰው፤ ቀኖናው ይኸው ነው። ሌላ ሰው አይጽፍለትም። እኔ ፈቃዱን ደግሜ አሳድሼ ከታብሌቱ ላይ ልገልብጥ ብዬ ነበር፤ «አንቺ አልፋቅሽውም» አሉኝ። በማሽን የተባዛም አይሆንም፤ «ማሽኑ ንስሐ አይገባም» ብለዋል።

እንግዲህ ውልህን ገልጠህ አንቀጽህን አንብብ። ቅጂ ቅጂ ነው፣ በእጅም ይሁን በማሽን፣ ክልክል ነው ብለህ ጽፈህልኛል፤ ደብዳቤህ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። የፈቃድ ክፍል ኃላፊው ራሱ ሲገለብጥ ቢያዝ ምን እንደሚደርስበት አንተ ታውቀዋለህ። አባቴ ይህን አያውቁም፤ እኔም አልነገርኋቸውም፣ ቢያውቁ ይተውልህ ነበርና። ታደርገዋለህ ብዬ ተስፋ አላደርግም። ከአራተኛ ፎቅ ወርደህ ቀለም ስትበጠብጥ አይታየኝም። አባቴ ግን በሩ ላይ ተቀምጠው መንገድ መንገዱን ያያሉ፤ የማያፈናፍነኝ እሱ ነው።

አመተ ማርያም


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 28 ቀን 2008 ዓ.ም.

እትዬ አመቴ፤

ከዚህ ጋር ያለውን እሽግ ለሾፌሩ ለራሱ ሰጥቼዋለሁ፤ ረዳቱ እንዳይነካው ብያለሁ። ዘይእዜው፣ መወድሱ፣ ክብር ይእቲው፣ ዕጣነ ሞገሩ፣ ሁሉም አለበት። ከአንድ ገጽ በቀር።

ዘገየህ ብትይኝ በጾሙ ነው የጻፍኩት፤ ከሥራ እየመጣሁ። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ሦስቴ ቀድጃለሁ። ከዘጠኝ ዓመት በላይ በእጄ ከፊርማና ከታኅሣሡ ደብዳቤ ሌላ የጻፍኩት ነገር እንደሌለ ያወቅኩት አሁን ነው። ግዕዙን እያየሁ ፊደሉን እገለብጣለሁ እንጂ ሰሙ ወዴት ወርቁ ወዴት እንደሆነ አይገባኝም። አንድ መወድስ ላይ ደርሼ ገባኝ። አንድ በጋ የኔታ ዛፍ ሥር ጠዋቱን ሙሉ የፈቱልን ነው፤ የመምህራቸው መሆኑን አልነገሩንም ነበር። ብዕሩን አስቀምጬ አለቀስኩ። ይህን ለየኔታ አትንገሪያቸው፤ ላንቺም የነገርኩሽ ሌላ የምነግረው ሰው ስለሌለ ነው።

ነገሩ ቢሮ ውስጥ ታውቋል። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የኩባንያውን ታብሌት ከፍቼ ስገለብጥ ያየ ሰው አለ፤ ማን እንደነገረ አልጠየቅኩም። አንቀጹን ለእኔው አነበቡልኝ፣ የጻፍኩትን ለእኔ። የተፈረመ ወረቀት ይዤ ወጥቻለሁ። ከሁሉ የገረመኝ ሲያሰናብቱኝ ያሉት ቃል ነው፤ «ሲስተሙ ከዛሬ ጀምሮ አያስገባህም» አሉኝ። ማን እንደዘጋብኝ ስጠይቅ ማንም አልመለሰልኝም።

የቀረችው የመጨረሻዋ ገጽ ናት፣ ግዝቱ ያለባት። ልጽፋት ተቀምጬ እጄ እምቢ አለኝ። ካልጻፍኳት መጽሐፉ ጎደሎ ነው። ከጻፍኳት ደግሞ የምጽፈው በራሴ ላይ ነው፤ «የፋቀ የተወገዘ ይሁን» ብዬ በራሴ እጅ። በግዝት አላምንም ብዬሽ ነበር። የኔታን ጠይቂልኝ። የመጨረሻውን ገጽ ልጻፈው ወይስ ልተወው?

ማቴዎስ


ንፋስ መውጫ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለማቴ፤

እሽግህ ደርሷል። ይዤላቸው ሄድሁ።

ጽሕፈትህ ዶሮ የጫረችው መሬት ነው። ይህን የምለው እኔ ብቻ እንዳይመስልህ፤ አባቴም የመጀመሪያውን ቅጠል አንሥተው «ይህን ሁሉ ዓመት ምን ሲሠራበት ነበር እጁን?» አሉ። ከዚያ ግን አላስቀመጡትም። ጠዋት የጀመሩትን ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አነበቡት። የሳትኸውን በቀይ ያርማሉ፤ ቀዩ ከጥቁሩ ሊበልጥ ምንም አልቀረው። አንድ መወድስ ላይ ሲደርሱ ቀለሙ ፈስሶ የተበላሸ ቦታ አገኙ። «ውሃ ነክቶታል» አልኋቸው። ዓይናቸውን አነሡና አዩኝ፣ ቀጣዩንም ቅጠል ገለጡ። የነገርኸኝን አልነገርኋቸውም፤ ለዚያች ያህል የምታመን ነኝ።

ወንበሩን ከግድግዳው ያዞርሁት እኔ ነኝ፤ የተቀመጡበት ግን እርሳቸው ናቸው። እሑድ ዕለት ቅኔ ማሕሌት ገብተው ተቀኙ። ፈንታ ወሬውን ሰምቶ ከእስቴ መጥቷል፤ እጁ በጅራፍና በመንሽ ተልጧል። ሌሎቹም አንድ ሁለት እያሉ ከነአኩፋዳቸው እየገቡ ነው። ጉባኤው የሚነበብበት መጽሐፍ የአባቴ እኩሌታና ያንተ እኩሌታ ነው፤ ወረፋ የለውም። ሰባት ተማሪ በአንድ ጊዜ ከላዩ ተደፍቶ ሲያነብ አየሁ። ሊዋሰው የሚፈልግ ሌላ ደብርም ጠይቋል። አባቴ «ገልብጦ ይመልስ» ብለው ሰጥተዋል።

ከሥራ መውጣትህን ነገርኋቸው፤ ይህንን መደበቅ አልሆነልኝም። አዘኑ። «መጥቶ መወድሱን ይጨርስ» አሉ። እኔ ከእርሳቸው ያነሰ ደግ ነኝ፤ የሚበጅህን አንተ ታውቃለህ ብቻ እልሃለሁ። የኩባንያህ መስታወቶች እዚህ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፈዋል፤ ፈቃዱ ሲያልቅ መጥተው ይውሰዷቸው።

ስለ መጨረሻው ገጽ ጠየቅኋቸው። «በራሱ ላይ መጻፍ ከበደው» ብዬ እንዳልኸው ነገርኋቸው። ቀዩን ብዕራቸውን ከቀለሙ አወጡ፣ ጠብታውን አራገፉ፣ አሰቡ።

«ይጻፈው» አሉ። «ግዝቱ ከሌለ መጽሐፉን ከማቴዎስ ማን ይጠብቀዋል?»

አመተ ማርያም